የደቻቱ ውሃ እና ሰባተኛው ኢኒንግ

ጥያቄው ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን የመጣ ነው፦ «ጋሼ፣ አሜሪካ ያለችው እህቴ ፕሌይስቴሽን ከቤዝቦል ጨዋታ ጋር ልካልኝ ደንቡን ከጨዋታው ራሱ ተማርኩ። አሁን ከእግር ኳሱ ይልቅ እርሱን እወዳለሁ። ግን አንድ ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል። ስድስት ኢኒንግ (ሁለቱ ቡድኖች በየተራ የሚመቱበት ዙር፤ ጨዋታው ዘጠኝ አለው) ሙሉ 4 ለ 0 እመራለሁ፤ ሰባተኛው ላይ የኮምፒውተሩ ቡድን ድንገት ሌላ ቡድን ይሆናል። ባለፈው ቅዳሜ ወርዋሪዬ 94 ኳስ ወርውሮ ነበር። ሦስተኛ ተራ ያለውን መቺያቸውን በአራት ቦል (ከመምቻው ቀጠና ውጭ በወጡ አራት ኳሶች) በነጻ አሳለፍኩት፤ አራተኛው መታ፤ የአምስተኛውን ቀላል ኳስ ተከላካዬ ጣላት። ቤዞቹ (ሯጭ ነጥብ ለማግኘት የሚያልፍባቸው ሦስት ማዕዘኖች) ሞሉ። ሦስት ፈጣን ኳስ በተከታታይ ወረወርኩ፤ ሦስተኛው ከሜዳው አልፎ ሁሉንም ሯጮች የሚያስገባ ምት፣ ሆም ረን፣ ሆነ። ትንሽ ቆይቶ አምስተኛዋ ነጥብ ገባች፤ 5 ለ 4 ተሸነፍኩ። ጓደኞቼ ኮምፒውተሩ ሆን ብሎ ነው ይላሉ። እውነተኛው ቤዝቦል እንዲህ ይገለባበጣል ወይስ ጨዋታው ያታልለኛል?»

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ሁለተኛውን ጊዜ እርሳስ ይዤ። የሽንፈትህን ቅደም ተከተል እንዲህ በዝርዝር ስለጻፍክልኝ አመሰግንሃለሁ፤ የመልሱ ግማሽ እዚያው ውስጥ ነው። እኔ ስታቲስቲክስ አስተምራለሁ፤ በትርፍ ጊዜዬ ደግሞ ለስፖርት ጨዋታዎች የሚሆን ስሌት ስጽፍ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። እንደዚያ ያለ ኢኒንግ በእውነተኛው ሜዳ አለ፤ የባሰም አለ። ኮምፒውተሩ የቅዳሜውን ኢኒንግ ለማምጣት ማታለል አያስፈልገውም ነበር። ማየት ያለብህ አንድ ማስተካከያ ግን አለ፤ ወደ እርሱ እመለሳለሁ።

እኔ ያደግኩት ገንደ ቆሬ ነው። ደቻቱን ታውቀዋለህ፤ ወንዝ ቢባልም የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። እናቴ ከሰዓት በኋላ በደንገጎ በኩል ሰማዩ ሲጠቁር ካየች ከአሸዋው ላይ እየጮኸች ትጠራን ነበር። እኛ ቀና ስንል አናታችን ላይ ፀሐይ ነው። «ምን ሆነሽ ነው?» እንላታለን። ዝናቡ ያለው ደጋው ላይ ነው፤ ውሃው ግን መንገድ ጀምሯል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ጎርፍ ያዘነች ከተማ ልጅ ስለሆንክ የቀረውን ለአንተ ማስረዳት አይገባኝም። በሬዲዮ የእግር ኳስ ተንታኞች «ሞመንተም» (የተነሣሣ ቡድን ግስጋሴ) የሚሉትን ነገር ባሰብኩ ቁጥር የሚመጣብኝ ይህ ነው። ጎርፉን የምናየው ከተማችን ሲደርስ ነው፤ የሞላው ግን ላይ ነው።

ስለዚህ ሰባተኛውን ኢኒንግ ትተን ወደ ላይ እንውጣ።

ወርዋሪህ 94 ኳስ ወርውሯል። ይህ ለክንዱ ብዙ ነው፤ ከድካሙ የሚከፋው ግን ሌላ ነገር ነው። በቤዝቦል ዘጠኙ መቺዎች በተራ ይመጣሉ፤ ተራው ሲያልቅ ከአንደኛው ይጀምራል። ሦስተኛ ተራ ያለው መቺ ሰባተኛውን ኢኒንግ ከከፈተ፣ ያን ወርዋሪ ሲገጥመው በዚያ ቀን ለሦስተኛ ጊዜ ነው። ወርዋሪው ኳሱን ከእጁ የሚለቅበትን ቦታ፣ ተጣማሚው ኳስ የት ላይ እንደሚሰበር ሁለት ጊዜ አይቷል። መቺዎች አንድን ወርዋሪ በአንድ ጨዋታ ለሦስተኛ ጊዜ ሲገጥሙት ከመጀመሪያው የተሻለ እንደሚመቱ የብዙ ዓመታት መዝገብ ያሳያል፤ ቡድኖችም በዚህ መሠረት ወርዋሪ ይቀይራሉ። ሦስተኛውና አራተኛው መቺ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከቡድኑ ምርጦች መካከል ናቸው። ስድስተኛው ኢኒንግ ሲያልቅ ሰማዩ በደንገጎ በኩል ጠቁሮ ነበር፤ አንተ ግን ሰሌዳው ላይ ያለውን 4 ለ 0 ነበር የምታየው።

ቀጥሎ የመጀመሪያውን ሰው በነጻ አሳለፍከው። በአሜሪካ ዋናው ሊግ ቤዞች ባዶ ሆነው፣ አውትም (ከጨዋታ የወጣ መቺ ወይም ሯጭ፤ ሦስት ሲሆን የቡድኑ ተራ ያበቃል) ሳይኖር ኢኒንግ ሲጀመር የሚመታው ቡድን ከዚያ ኢኒንግ በአማካይ ግማሽ ነጥብ ያህል ያገኛል። አንድ ሰው አንደኛ ቤዝ ላይ ሲቆም ይህ ወደ 0.9 ይጠጋል። ቤዞቹ ሁሉ ሞልተው ገና አውት ከሌለ 2.3 አካባቢ ይደርሳል። ይህን ለማምጣት የማንም ስሜት አላስፈለገም፤ የሰዎቹ አቋቋም ብቻ ነው። ሯጭ አንደኛ ቤዝ ላይ ሲቆም የአንደኛ ቤዝ ጠባቂው ሯጩን ለመያዝ ወደ ቤዙ ይጠጋል፤ በእርሱና በሁለተኛ ቤዝ ጠባቂው መካከል ያለው ክፍተት ይሰፋል፤ ትናንት የምትያዝ የነበረች ኳስ ዛሬ ታልፋለች። ወርዋሪውም ሯጩ ቤዝ እንዳይሰርቅበት ሙሉ ቅንብሩን ትቶ በአጭር እንቅስቃሴ ይወረውራል። አንዱ ምት ሌላውን ምት ያቀላል። ተመልካች «መንፈሳቸው ተነሣ» የሚለው ነገር ብዙው ክፍል ይህ ነው።

ከዚያ የተከላካይህ ስሕተት መጣ፤ እርሱን እንዝለለው፤ ኳስ ይወድቃል። ከዚያ በኋላ ያለው ግን የአንተ ነው። ቤዝ ሞልቶ ሌላ አራት ቦል መጣል ነጥብ በነጻ መስጠት ስለሆነ ፈራህ፤ በፍርሃትህም በጣም የምታምነውን ኳስ ሦስት ጊዜ ደጋገምክ። ኳሱ ከወርዋሪው ጉብታ እስከ መቺው 18.44 ሜትር ያለውን ርቀት በግማሽ ሴኮንድ ያህል ጊዜ ውስጥ ይጨርሳል፤ ከመቺው የሚያድንህ ነገር ቢኖር ምን እንደምትወረውር መገመት አለመቻሉ ነው። ሦስተኛውን ፈጣን ኳስ ስትወረውር ያንን መሣሪያ ከእጅህ ጣልከው። ይህን የምልህ ለመውቀስ አይደለም፤ እውነተኛ ወርዋሪዎችም በዚያው ቦታ በዚያው መንገድ ይወድቃሉ።

ቤዝቦልን ከእግር ኳስ የሚለየውን አንድ ነገር እዚህ ላይ አስታውስ፤ እኔ ጨዋታውን የወደድኩት በእርሱ ነው። በድሬዳዋ ስታዲየም 2 ለ 0 የሚመራ ቡድን በመጨረሻዎቹ 10 ደቂቃዎች ኳሷን ጥግ ላይ ይደብቃል፣ ግብ ጠባቂው ቀስ ብሎ ይነሣል፣ ሰዓቱ ይረዳዋል። ቤዝቦል ጨዋታውን የሚያበቃለት ሰዓት የለውም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2023 ጀምሮ (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በእርሱ ናቸው) ወርዋሪው ኳሱን የሚወረውርበት የሴኮንድ ገደብ ተደንግጓል፤ ያ ግን ጨዋታውን ያፋጥናል እንጂ የአውቶቹን ቁጥር አይቀንስም። መሪው 27ኛውን አውት እስኪያገኝ ድረስ ተጋጣሚው ይመታል። 10 ለ 0 ብትመራም ለተጋጣሚህ ኳሱን እየወረወርክለት ነው የምታሸንፈው። ስለዚህ መገለባበጥ በጨዋታው አጥንት ውስጥ አለ።

ምስክር ካስፈለገ፦ ነሐሴ 5 ቀን 2001 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ሲያትል ክሊቭላንድን 14 ለ 2 ይመራው ነበር፤ ክሊቭላንድ ግን በ11 ኢኒንግ 15 ለ 14 አሸነፈ። በ2003 የቺካጎ ከብስ ለዓለም ዋንጫቸው ፍጻሜ ለመድረስ አምስት አውት ሲቀራቸው 3 ለ 0 ይመሩ ነበር። በዚያው በስምንተኛው ኢኒንግ ስምንት ነጥብ ተቆጠረባቸው፤ ፍሎሪዳ ማርሊንስ 8 ለ 3 አሸነፈ። ብዙ ሰው ያን ሌሊት የሚያስታውሰው አንድ ተመልካች ከሜዳው ጠርዝ ኳስ ስለነካ ነው፤ እኔ የማስታውሰው ግን የቺካጎው ወርዋሪ ማርክ ፕራየር እስኪወጣ ድረስ ከ110 በላይ ኳስ መወርወሩንና ከዚያ ክስተት በኋላ የቺካጎው ተከላካይ አሌክስ ጎንዛሌዝ የምትያዝ ኳስ መጣሉን ነው። የአንተን ቅዳሜ አላስታወሰህም? ደካማ ክንድ፣ በነጻ ያለፈ ሰው፣ የወደቀች ኳስ፣ ከዚያ ጎርፍ።

ተቃራኒውም እውነት ነው። በ2004 ቦስተን ሬድ ሶክስ፣ አራት ጨዋታ ቀድሞ ያሸነፈ በሚያልፍበት ፍልሚያ፣ በኒው ዮርክ ያንኪስ ሦስት ጨዋታ በተከታታይ ተሸነፈ፤ ሦስተኛውን 19 ለ 8። «ሞመንተም» የሚባለው ነገር ከአንድ ቀን ወደ ሌላ ቀን የሚተላለፍ ኃይል ቢሆን ኖሮ አራተኛው ጨዋታ መጫወትም ባላስፈለገው። ቦስተን የቀሩትን አራቱንም አሸነፈ፤ በዚያ ሊግ ታሪክ ከ0 ለ 3 ተነሥቶ የድኅረ ውድድር ዘመን ፍልሚያ ያሸነፈ ሌላ ቡድን የለም። በ2016 ፍጻሜ ሰባተኛ ጨዋታ ላይ ራጃይ ዴቪስ በስምንተኛው ኢኒንግ ሆም ረን መትቶ ክሊቭላንድን 6 ለ 6 ሲያደርግ ስታዲየሙ ተናወጠ፤ ሁሉም ሰው ጨዋታው የክሊቭላንድ ሆነ አለ። ከዚያ ዝናብ መጥቶ 17 ደቂቃ ተቋረጠ፤ ከብሶች በ10ኛው ኢኒንግ 8 ለ 7 አሸነፉ።

ታዲያ ስሜት ምንም አይሠራም ማለት ነው? ይህን በጥንቃቄ ልመልስ፤ በሙያዬም ለረጅም ጊዜ ያከራከረ ነገር ነው። በ1985 ቶማስ ጊሎቪች፣ ሮበርት ቫሎኔና ኤሞስ ትቨርስኪ የቅርጫት ኳስ ተጫዋቾችን ውርወራ መርምረው «ግለቱ ተነሣ» የሚባለው ነገር በቁጥሩ ውስጥ አይታይም አሉ። ብዙዎቻችን ይህን ለተማሪዎቻችን ስናስተምር ኖርን። በ2018 ግን ጆሹዋ ሚለርና አዳም ሳንጁርሆ በአሠራሩ ውስጥ ስውር ስሕተት አገኙ። ሳንቲም ሦስት ጊዜ ብቻ ጣል፤ ከአንበሳ ቀጥሎ የመጣው ስንት ጊዜ አንበሳ እንደሆነ በክፍልፋይ መዝግብ፤ ይህን ደጋግመህ የክፍልፋዮቹን አማካይ አውጣ። 50 ከመቶ ትጠብቃለህ፤ የሚወጣው 42 ከመቶ ገደማ ነው። ቆጠራው ራሱ ተከታታይ ስኬትን ያሳንሳል። ይህ ሲታረም ትንሽ ግለት ብቅ አለ። ስለዚህ የእኔ አቋም ይህ ነው፦ ግለት አለ፤ ግን ጭላንጭል ነው። ሜዳ ላይ የምናየውን የመገለባበጥ ትልቁን ክፍል የሚሸከሙት የሯጮቹ አቋቋም፣ የወርዋሪው ክንድ፣ የመቺዎቹ ተራ እና ተራ ዕድል ናቸው።

ስለ ዕድል አንድ ነገር ልጨምር፤ ሰው የሚንቀው እርሱን ነውና። ሳንቲም 20 ጊዜ ብትጥል ቢያንስ አራት ጊዜ በተከታታይ አንድ ዓይነት ገጽ የማየትህ ዕድል 77 ከመቶ ያህል ነው፤ አምስት በተከታታይ 46 ከመቶ። ማንም ሳንቲሙን አልገፋውም። ከአራት ምት አንዱን የሚያሳካ ጥሩ መቺ አራት ጊዜ ሞክሮ አራቱንም የሚስትበት ቀን ከሦስት አንድ ነው ማለት ይቻላል። ዓይናችን ግን ተከታታይ ነገር ባየ ቁጥር ከኋላው እጅ ይፈልጋል።

አሁን ወደ ማሽኑ። ጓደኞችህ ከሜዳ ላይ ያነሱት ጥርጣሬ አይደለም። በ1993 በወጣው የቅርጫት ኳስ ጨዋታ በኤንቢኤ ጃም ውስጥ አንድ ተጫዋች ሦስት ጊዜ በተከታታይ ካስቆጠረ «ተቃጠለ» ይባልና ኳሱ እሳት ይተፋል፤ መሳትም ያቅተዋል። ይህ በግልጽ የተሠራ ነው፤ ማንም አልተደበቀበትም። የተደበቀውን ደግሞ ሠሪው ማርክ ተርሜል ከዓመታት በኋላ ራሱ ተናገረ፦ የቺካጎ ቡልስ ከዲትሮይት ፒስተንስ ጋር ተፋልመው በመጨረሻዋ ሴኮንድ ሲወረውሩ እንዲስቱ የሚያደርግ ትእዛዝ ጽፎ ነበር፤ እርሱ የዲትሮይት ደጋፊ ነውና። ስለዚህ «ኮምፒውተር አያታልልም» ብዬ አልምልልህም። በእግር ኳሱ ጨዋታ በፊፋ ላይም በ2020 በካሊፎርኒያ ተመሳሳይ ክስ ተመሥርቶ ነበር፤ ሠሪው ድርጅት ክብደቱን በስውር የሚቀያይር ሥርዓት እንደማይጠቀም አስረዳ፤ ከሳሾቹም በ2021 ክሱን አነሱ።

እህትህ የላከችልህን ጨዋታ ስም አልጻፍክም። በፕሌይስቴሽን የተለመደው ኤምኤልቢ ዘ ሾው ስለሆነ በእርሱ ላይ ልናገር። ሦስት ነገር አለበት። አንደኛው በምርጫ የሚበራ የክብደት ደረጃ ነው፤ ተለዋዋጭ ይባላል። እርሱን ከመረጥክ ጥሩ ስትጫወት ጨዋታው ቀስ በቀስ ይከብድብሃል፣ ስትወድቅ ይቀልልሃል። ቀደም ብዬ ያልኩህ ማስተካከያ ይህ ነው። ይህ ክፉ ሥራ አይደለም፤ ለጀማሪ መምህር ነው። ነገር ግን ይህ በርቶ እያለ ስለ እውነተኛነት መከራከር አይቻልም፤ ሚዛኑን አንድ ሰው በጣቱ እየነካው ነውና። ደረጃውን ቋሚ አድርገው።

ሁለተኛው የወርዋሪው በራስ መተማመን ነው። አንድ ዓይነት ኳስ ሲመታበት በዚያ ኳስ ላይ ያለው እምነት ይወርዳል፣ ቀጣዩም ካሰበው ቦታ ይስታል። ይህን እኔ እወደዋለሁ፤ ወርዋሪ ሰው ነውና። ሦስተኛው ያከራክረኛል። ሯጭ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ቤዝ ላይ ሲደርስ ጨዋታው የመቺውን የተለመደ የመምታት ቁጥር ትቶ «በጭንቅ ሰዓት» የሚል ሌላ ቁጥር ይጠቀማል። ሪቻርድ ክሬመር በ1977 በጭንቅ ሰዓት ከወትሮው የተሻለ የሚመታ ሰው መኖሩን በመዝገብ ሊያረጋግጥ ሞክሮ አላገኘም። ከዚያ በኋላ የመጡትም ያገኙት እጅግ ጥቂት ነው። ጨዋታው ግን ይህን ጭላንጭል ችሎታ አድርጎ አጉልቶታል። በቅዳሜው ኢኒንግህ ላይ ሆም ረኑን የመታው ሰው ይህ ቁጥሩ ከፍ ያለ ከሆነ፣ ከእውነተኛው ሜዳ ይልቅ ትንሽ በልጦ ነበር የቆመው። ይህን ያህል ቅሬታህ ትክክል ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን አንድ ጨዋታ እውነተኛ መሆኑን የምለካበት የራሴ መለኪያ አለኝ፤ ሌሎች ሲጠቀሙበት አላየሁም። ጎርፉን አልቆጥርም። የምቆጥረው ሳይመጣ የቀረውን ጎርፍ ነው። በእናቴ ጊዜ ደንገጎ ላይ ሰማይ በጠቆረ ቁጥር ደቻቱ አልሞላም፤ ብዙ ጊዜ ውሃው መንገድ ላይ አሸዋ ውስጥ ሰጥሞ ቀርቷል፣ እኛም በከንቱ ተጠራን ብለን አኩርፈናል። እውነተኛ ቤዝቦልም እንዲሁ ነው። ቤዞች ሞልተው፣ ሕዝብ ቆሞ፣ ከዚያ አንድ ደካማ ኳስ ወደ ተከላካይ ተንከባልላ በአንድ ጊዜ ሁለት አውት ትሆናለች፤ ስታዲየሙ ዝም ይላል። ቤዝ ሞልቶ ሁለት አውት ካለ አማካዩ ከአንድ ነጥብ በታች ነው። መጥፎ ጨዋታ ግን የተጀመረን መነቃቃት ሁሉ ወደ ፍጻሜ ያደርሰዋል፤ ለድራማው ሲል። ስለዚህ የምጠይቅህ ይህን ነው፦ ኮምፒውተሩ ሁለት ሰው ቤዝ ላይ አቁሞ ምንም ሳያገኝ የቀረባቸው ኢኒንጎች ስንት ናቸው? አስታውስ። አታስታውሳቸውም፤ ማንም አያስታውሳቸውም። ለዚህ ነው ደብተር የሚያስፈልግህ።

ሠላሳ ጨዋታ ተጫወት፤ የክብደት ደረጃው ቋሚ ሆኖ። አንድ ቡድን በአንድ ጨዋታ ወደ 38 ያህል መቺ ስለሚያቀርብ ከ1,000 በላይ መስመር ታገኛለህ። በእያንዳንዱ መስመር ላይ ውጤቱን፣ የኳስ ቁጥሩን፣ መቺው ለስንተኛ ጊዜ እንደመጣ፣ ቤዝ ላይ ማን እንዳለ፣ ምን እንደወረወርክና ምን እንደሆነ ጻፍ። ከዚያ ሦስትና ከዚያ በላይ ነጥብ ስትመራ የተመዘገቡትን ለይ፤ ግን ትኩስ ወርዋሪን ከትኩስ ጋር፣ የደከመን ከደከመ ጋር አነጻጽር፤ አለበለዚያ ድካሙን ተንኮል ብለህ ትጽፈዋለህ። ከ300 መቺ 75 ይመታል ብለህ ብትጠብቅ፣ ከ60 እስከ 90 ያለው ሁሉ ዕድል ብቻውን የሚያመጣው ነው። 110 ካገኘህ ግን ጓደኞችህ እውነት ብለዋል፤ እኔም ለሠሪዎቹ አብሬህ እጽፋለሁ።

ከሠላሳው ውስጥ አሥሩን ድምፁን ዘግተህ ተጫወት። ይህን የምለው ከልምድ ነው። የተቀዳው የተንታኝ ድምፅና የሕዝቡ ጩኸት ምት ሲደጋገም ይጨምራል፤ ያ ጩኸት የኮምፒውተሩን መቺ አይነካውም፤ የሚነካው የአንተን አውራ ጣት ነው። እኔ ድምፁን ስዘጋ ፈጣን ኳስ መደጋገሜን ተውኩ።

ለሚቀጥለው ቅዳሜ ደግሞ ይህን ያዝ። ተተኪ ወርዋሪ በአንድ ደቂቃ አይዘጋጅም፤ ለመሟሟቅ ጊዜ ይፈልጋል፤ ስለዚህ የሚጠራው ቤዙ ሲሞላ ሳይሆን ስድስተኛው ኢኒንግ ላይ ነው። የታምፓ ቤይ አሰልጣኝ ኬቪን ካሽ በ2020 ፍጻሜ ስድስተኛ ጨዋታ ላይ በስድስተኛው ኢኒንግ ግሩም ይወረውር የነበረውን ብሌክ ስኔልን 73 ኳስ ላይ አወጣው፤ መቺዎቹ ለሦስተኛ ጊዜ እየመጡ ነበርና። ተተኪው ተመታ፣ ሎስ አንጀለስ ዶጀርስ 3 ለ 1 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ፤ ካሽም እስከ ዛሬ ይወቀሳል። እኔ ግን በዚያ ቦታ ብሆን ብዙም አልወቅሰውም፤ ሰማዩን አይቶ ነው ልጆቹን ከአሸዋው የጠራው። አንተ 94 ላይ ነበርክ። የመጀመሪያው ሰው በነጻ ሲያልፍ አሰልጣኙን ወደ ጉብታው ላክ፤ የሚፈቀደው ጥቂት ጊዜ ስለሆነ ለዚህ ቆጥበው። ቤዝ ከሞላ ደግሞ የመጀመሪያውን ኳስ ዝቅ አድርገህ፣ ተጣማሚውን ወርውር፤ መሬት ለመሬት ከተመታች ሁለት አውት በአንዴ ታገኛለህ።

ደብተሩን ስትጨርስ ላክልኝ። በተለይ ምንም ሳይቆጠርባቸው ያለፉትን የሞሉ ቤዞች በቀይ አስምርባቸው፤ መጀመሪያ የማየው እነርሱን ነው።